ጉድጓዷን ዘግታ የምትቀመጥን ለጋ ሸረሪት ስለ መመገብ



በቤታችን የምናሳድገው እንስሳ ብዙ ጊዜ የታወቀ ነው። ድመት ለአይጥ፥ ውሻ ለደጅ፥ ዶሮ ለእንቁላል፥ ላም ለወተት እናሳድጋለን፤ የእያንዳንዱንም አመጋገብ ከእናት ከአባታችን ስለ ወረስነው ማንንም አንጠይቅም። ልጆች ግን አባቶቻቸው ያላሰቡትን እንስሳ ወደ ቤት ያመጣሉ። ባለፈው ዓመት ወደ እኔ ቤት የመጣችው ሸረሪት ነበረች፤ ይኸውም በጣራ ጥግ ድር የምታደራው ተራ ሸረሪት ሳትሆን፥ መሬት ቈፍራ በጉድጓድ የምትኖር፥ ጠጕራም፥ የውጭ አገር ሰዎች ታራንቱላ የሚሏት ወገን ናት። ስለ እርስዋ አመጋገብ ከብዙ ጥያቄና ከአንድ ከባድ ስሕተት በኋላ የተማርሁትን ዛሬ እጽፍላችኋለሁ። ስሕተቱ የራሴ ስለ ሆነ አልደብቀውም።

ነገሩ እንዲህ ነው። እኅቴ ካረፈች በኋላ የዐሥራ አንድ ዓመት ልጅዋን ወደ መካነ ሰላም አምጥቼ ከልጆቼ ጋራ አኖርሁት። ልጁ ያደገው ከከተማችን በስተ ምዕራብ፥ መሬቱ ወደ ዓባይ በረሓ ማዘቅዘቅ በሚጀምርበት ቀበሌ ነው። ስለዚህ የደጋው ብርድ አልተስማማውም፤ ከብርዱም ይልቅ ቤቱ አልተስማማውም። ሲጠሩት አቤት ይላል፤ የታዘዘውን ይሠራል፤ ከዚያ በኋላ ግን ከምድጃው ራቅ ብሎ ይቀመጣል። ገበታ ሲቀርብ ጥቂት ቀምሶ ይነሣል። ባለቤቴ ጕርሻ ስትዘረጋለት፥ “ጠግቤአለሁ፥ እትዬ” ብሎ እጁን በአፉ ላይ ያደርጋል። እርስዋም ከዚህ የተነሣ ብዙ ማታ እያዘነች ትተኛ ነበር።

በመስከረም ወር ለመስቀል በዓል ወደ አያቱ ቀበሌ ወርዶ ሲመለስ፥ በጋቢው ሥር የያዘውን የማር ብልቃጥ አወጣ። በብልቃጡ ውስጥ ከእፍኝ ዐፈር ጋራ፥ እግሮችዋ ተዘርግተው እንኳ ከአውራ ጣት ጥፍር የማትበልጥ ሸረሪት ነበረች። በመንገድ ዳር ከተናደ ዐፈር ላይ እንዳገኛት ነገረን፤ “ቤትዋ ፈርሶባታል” አለ። ባለቤቴ፥ “በስመ አብ! ይህን ነገር ከቤቴ አውጡልኝ” ብላ ጮኸች። እኔም የእርስዋን ቃል ልፈጽም ተነሥቼ ነበር፤ ነገር ግን ልጁ ከመጣ ጀምሮ ከእኛ የለመነው የመጀመሪያ ነገር ይህ እንደ ሆነ ትዝ ሲለኝ እንቢ ማለት ተሳነኝ።

በጩኸቱ ምክንያት ብቅ ያሉት ጎረቤታችን ሸኽ ነገሩን ባዩ ጊዜ ሳቁ። “አብሽሪ፥ ልጄ” አሏት ባለቤቴን፤ ነቢዩ መሐመድ ከመካ በወጡ ጊዜ በዋሻ ተሸሽገው ሳሉ ሸረሪት በዋሻው አፍ ላይ ድር አድርታ ከአሳዳጆቻቸው እንደ ሸሸገቻቸው የሚነገረውን ታሪክ አጫወቷት፤ ስለዚህም በእርሳቸው ቤት ሸረሪት በከንቱ እንደማይገደል ነገሯት። በወሎ እንደምታውቁት የጎረቤት ቃል ከዘመድ ቃል አያንስም። ባለቤቴም ብልቃጡ ከልጆች መኝታ ርቆ በመደርደሪያ ላይ እንዲቀመጥ፥ ክዳኑም በሚገባ እንዲገጥም አዝዛ ፈቀደች። የክዳኑን ቀዳዳዎች በጋለ ወስፌ የበሳችው ግን እርስዋ ራስዋ ናት።

ስለ ሸረሪቷ ወገን ጥቂት ልናገር። ታራንቱላ የሚለው ስም የመጣው በደቡብ ኢጣልያ ከምትገኘው ከታራንቶ ከተማ ነው። በዚያ አገር በጥንት ዘመን በዚህ ስም ትጠራ የነበረችው ሌላ ዐይነት ሸረሪት ናት፤ እርስዋ የነከሰችው ሰው በጭፈራ ይድናል ይባል ስለ ነበረ፥ ታራንቴላ የተባለው የሕዝብ ጭፈራ ከስምዋ ጋራ ተያይዞ ቀረ። ኋላ ግን ስሙ ወደ ታላላቆቹ ጠጕራም ሸረሪቶች ተላለፈ። ሊቃውንት እስከ ዛሬ ከ1,000 የሚበልጡ ዐይነቶችን ለይተዋል። ከእነዚህ አንዱ ወገን ሎክሶፕቲጉስ ይባላል፤ የታወቁት ሦስቱም ዐይነቶቹ የተመዘገቡት ከአገራችን ከኢትዮጵያ ነው። ለወገኑ እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ1903 ስም ያወጣለት ፈረንሳዊው የሸረሪት ሊቅ ኤዥን ሲሞን ነው። ከሦስቱም አንዱ በ1906 ኤምብሪክ ስትራንድ በተባለ ኖርዌያዊ ሊቅ ሲገለጽ፥ በ1900 እና በ1901 በአገራችን እየተዘዋወረ እንስሳትን በሰበሰበው በጀርመናዊው በካርሎ ፎን ኤርላንገር ስም ተሰየመ። እንግዲህ ይህች ወገን ከባሕር ማዶ የመጣች እንግዳ አይደለችም፤ የአገራችን ዐፈር ልጅ ናት ማለት ነው። የአንዲቱን ሸረሪት ዐይነት ለይቶ መናገር ግን በአጕሊ መነጽር የሚሠራ የሊቃውንት ሥራ ስለ ሆነ ለእነርሱ እተወዋለሁ።

ወደ ብልቃጡ ልመለስ። ሸረሪቷ በመጀመሪያዎቹ ቀኖች በብልቃጡ ጎን ለጎን ትንሽ ጉድጓድ ቈፍራ ገባች። በጥቅምት ወር ልጁ በጉድጓዱ አፍ ላይ ያስቀመጠላት ትንንሽ ዝንብ በማግሥቱ አይገኝም ነበር። ኅዳር በገባ ጊዜ ግን የጉድጓዱን አፍ በድርና በዐፈር ደፈነችው። አንድ ሳምንት አለፈ፤ ሁለተኛውም አለፈ። ልጁ በየማለዳው ከትምህርት ቤት በፊት ብልቃጡን በመስኮት ብርሃን ፊት እያዞረ ይመለከታል። “ጋሼ፥ አልበላችም፤ ሞታ ይሆን?” እያለ ይጠይቀኛል። ማታም ከገበታ ፈጥኖ ሲነሣ፥ “እርስዋም አልበላችም” ይላል። ይህ ነገር አስቈጣኝ ብል እውነት ነው። እኔ በፍርድ ቤት ጸሐፊነት የምኖር ሰው ስለ ሆንሁ፥ ሳይንቀሳቀስ በመደርደሪያ ላይ የሚያድር መዝገብ አልወድም። የሞተ እንደ ሆነ ሞቷል፥ ያለም እንደ ሆነ አለ ተብሎ ነገሩ መቈረጥ አለበት ብዬ አሰብሁ።

ኅዳር 22 ቀን ልጁ በትምህርት ቤት ሳለ ለምሳ ወደ ቤት ገባሁ፤ የቡና ማንኪያ አነሣሁና ጉድጓዱን ቈፈርሁት። ሸረሪቷን ያገኘኋት በጀርባዋ ተንጋላ፥ ስምንቱን እግሮችዋን ወደ ላይ አድርጋ ነው። በማንኪያው ጫፍ ብነካት አልሸሸችም። ይህች ሞታለች ብዬ ፈረድሁ። የብልቃጡንም ዐፈር ከነሸረሪቷ ከጓሮ አጥር ሥር፥ ከቅጠሉ ክምር ላይ ደፋሁት፤ ብልቃጡንም አጥቤ ወደ ሥራዬ ተመለስሁ።

ማታ ልጁ ባዶውን ብልቃጥ አይቶ፥ “ወዴት ናት?” አለኝ። እውነቱን ነገርሁት። አላለቀሰም፤ አልመለሰልኝምም። የእጅ ባትሪ ይዞ ወደ ጓሮ ወጣ። እኔም ጥቂት ቈይቼ ተከተልሁት። በጕልበቱ ተንበርክኮ ቅጠሉን አንድ በአንድ እያነሣ ሲፈልግ አገኘሁት። ከረጅም ጊዜ በኋላ በአንድ የተሰበረ ገል ሥር ሁለት ሸረሪት የሚመስል ነገር አየን። አንዱ ባዶ ቅርፊት ነበረ፤ በአጠገቡም ሸረሪቷ ራስዋ፥ ነጣ ያለች፥ ለስላሳ፥ በእግርዋ ቆማ ነበረች። ነገር ግን ከኋላ እግሮችዋ አንዱ የለም፤ በአሮጌው ቅርፊት ውስጥ ተይዞ ቀርቷል። እኔ በማንኪያ ባልነካካት ኖሮ ሳይቈረጥ ይወጣ ነበር። ልጁ፥ “ሞታ አልነበረችም፥ ጋሼ፤ ልብስዋን ትለውጥ ነበር” አለኝ።

“የቸኮለ አፍሶ ለቀመ” የሚለውን ተረት ከልጅነቴ ጀምሮ እሰማው ነበር፤ በዚያች ሌሊት ግን አፍስሼ የለቀምሁት እኔ ራሴ ነበርሁ። ተከራካሪው ቃሉን ሳይሰጥ እንደማይፈረድበት በየቀኑ የምጽፍ ሰው፥ በራሴ ቤት ማንንም ሳልጠይቅ ፈረድሁ። አንድ ትልቅ ሰው ለሕፃን ይቅርታ መጠየቅ በአገራችን ልማድ እምብዛም አይደለም። እኔ ግን በዚያው በጓሮው ውስጥ፥ “አጥፍቼአለሁ፥ ይቅር በለኝ” አልሁት። እርሱም ዝም ብሎ ቈይቶ፥ “ብርድ እንዳይመታት ባትሪውን ይያዙልኝ” አለኝ። ባትሪውን ያዝሁለት።

በማግሥቱ ሁለታችን አብረን አንድ የባዮሎጂ መምህር ዘንድ ሄድን። መምህሩ በትዕግሥት ያስረዱን፥ ከዚያም ወዲህ በመጻሕፍትና በሥራ ያረጋገጥነው ትምህርት የሚከተለው ነው። እንደ እኔ ያለ ችኩል አባት፥ እንደ እርሱም ያለ ተጨናቂ ልጅ በሌላም ቤት ይኖር ይሆናልና በተራ በተራ እጽፈዋለሁ።

አንደኛ፤ መሸሸግዋ በሽታ አይደለም። እንዲህ ያለች ሸረሪት ቀኑን በጉድጓድ የምታሳልፍ፥ ሌሊት በጉድጓዱ አፍ ላይ አድፍጣ የምታድን ናት። ስምንት ዐይን ቢኖራትም አጥርታ አታይም፤ የሚያልፈውን ነፍሳት የምታውቀው የመሬቱንና የድርዋን ንዝረት በእግሮችዋ በመስማት ነው። ጉድጓዱ ከፀሓይ፥ ከብርድ፥ ከወፍና ከጠላት ተርቦች ይሰውራታል፤ እርጥበትም ይጠብቅላታል። ለጋ ሸረሪት ደግሞ ጠላትዋ ስለሚበዛ ከትልቅዋ የበለጠ ትሸሸጋለች። ስለዚህ ለብዙ ቀን አለመታየትዋ ደህና መኖርዋን እንጂ መታመምዋን አያሳይም።

ሁለተኛ፤ አለመብላትዋ ብዙ ጊዜ ምክንያት አለው። ሸረሪት አጥንት የላትም፤ አካልዋን የሚይዘው የውጭ ቅርፊትዋ ነው። ቅርፊቱ ከእርስዋ ጋራ ስለማያድግ፥ ለማደግ ጊዜውን ጠብቃ አሮጌውን መጣል አለባት። ለጋዋ ይህን በዓመት ብዙ ጊዜ ታደርገዋለች፤ ያደገችው በዓመት አንድ ጊዜ ወይም ከዚያ ባነሰ ታደርገዋለች። ቅርፊት የምትጥልበት ጊዜ ሲቀርብ ምግብ ትተዋለች፥ የጉድጓድዋንም አፍ ትደፍናለች። ይህም ለጥቂት ቀን ወይም ለብዙ ሳምንት ሊሆን ይችላል። በዚህ ጊዜ በጀርባዋ ተንጋላ ብታዩአት አትንኳት፤ ቅርፊትዋን እየጣለች ነው። በሞት አፋፍ ላይ ያለች ሸረሪት አብዛኛውን ጊዜ አትንጋለልም፤ በሆድዋ እንደ ተቀመጠች እግሮችዋን ከሥርዋ አጥፋ ትቀራለች። እኔ ይህን አንድ ነገር ባውቅ ኖሮ ማንኪያ አላነሣም ነበር።

ሦስተኛ፤ ስለ ምግቡ ዐይነትና ልክ። ሸረሪት እንጀራ ወይም እህል አትበላም፤ ምግብዋ ነፍሳት ነው። ልኩም ከሸረሪቷ ሆድ መብለጥ የለበትም፤ ቢያንስ ይሻላል። እጅግ ለጋ ለሆነችው፥ በጠላ ጋን አፍና በአተላ ዙሪያ የሚበሩት ጥቃቅን ዝንቦች ይበቁአታል። ጥቂት ስታድግ ለጋ ፌንጣ፥ የበረሮ ግልገል፥ ወይም የትንሽ ፌንጣ አንድ ጭን ይሰጣታል። ጉንዳን ግን አይሰጣትም፤ ጉንዳን ራሱ ይነክሳታልና። መድኃኒት ከተረጨበት ማሳ የተያዘ ነፍሳትም አይሰጣትም። በ2013 ዓ.ም. የበረሓ አንበጣ ወሎን በወረረ ጊዜ እንደሆነው ሁሉ፥ ተባይ ለማጥፋት የሚረጨው መድኃኒት ሸረሪትንም ይገድላል። ስለዚህ ነፍሳቱን ካልተረጨ ሣር ወይም ከቤት ጓሮ መያዝ ይገባል።

አራተኛ፤ ስለ አቀራረቡ። የለጋዋን ምግብ አስቀድሞ መግደል ይሻላል። የዝንቡን ወይም የፌንጣውን ራስ በወረንጦ ጨፍልቆ፥ ማታ ሲመሽ በጉድጓዱ አፍ አጠገብ ማስቀመጥ ነው። ለጋ ሸረሪት የሞተ ነፍሳት አትንቅም፤ ሌሊት ወጥታ ወደ ውስጥ ትጎትተዋለች። ምግቡን ወደ ጉድጓዱ ውስጥ መጨመር፥ ጉድጓዱን በእንጨት መቈርቈር፥ ሸረሪቷንም ቈፍሮ ማውጣት አይገባም። አንድ ጊዜ ቤትዋ የፈረሰባት ሸረሪት ሁለተኛ ለመቈፈር ኀይልዋን ትጨርሳለች፤ በፍርሃትም ምግብ ትተዋለች።

አምስተኛ፤ ስለ ጊዜው። ለለጋዋ በሳምንት አንድ ወይም ሁለት ጊዜ ይበቃል። በማግሥቱ ያልተነካ ምግብ ቢገኝ በወረንጦ ማንሣት ነው፤ ቢቀመጥ ሻጋታና ትል ያመጣል። ሕይወት ያለው ፌንጣ ቢሆን ደግሞ ቅርፊትዋን በምትጥልበት ሰዓት አግኝቶ ሊነክሳት ይችላል። ሦስት አራት ቀን ጠብቆ እንደገና መሞከር ነው። የጉድጓዱ አፍ ከተደፈነ ግን ምንም ምግብ አታቅርቡ፤ ራስዋ እስክትከፍተው ጠብቁ።

ስድስተኛ፤ መብላትዋ የሚታወቅበት ምልክት። ሸረሪት ምግብዋን በሚያሟሟ ምራቅ አርሳ ፈሳሹን ትመጣለች እንጂ እንደ እኛ አላምጣ አትውጥም። የቀረውን ገለባ እንደ ትንሽ ጥቍር ኳስ ጠቅልላ ትጥለዋለች። በጉድጓዱ አፍ ይህን ኳስ ወይም አዲስ ድር ያየ ሰው ሸረሪቷ ደህና እንደ ሆነች ይወቅ። ሁለተኛው ምልክት ሆድዋ ነው። በብልቃጡ ጎን በኩል ብትታይና ሆድዋ ሞላ ያለ ቢሆን፥ ወር ሙሉ ባትበላ እንኳ አያሳስብም። የተጨማደደ ቢሆን ግን ውሃ ወይም ምግብ ጐድሏታል።

ሰባተኛ፤ ስለ ውሃ። ሸረሪት ከረኀብ ይልቅ ጥም ይጎዳታል። እግሮችዋ የሚዘረጉት በውስጥዋ ባለው ፈሳሽ ግፊት ነውና፥ ውሃ ሲያንሳት እግሮችዋ ይታጠፋሉ። ስለዚህ የብልቃጡን አንድ ወገን ዐፈር በጥቂት ጠብታ ማራስ፥ ሌላውን ወገን ደረቅ መተው ነው። ሸረሪቷ የሚስማማትን ወገን ራስዋ ትመርጣለች። ጥቂት ስታድግ በለስላሳ መጠጥ ቆርኪ ውሃ ማስቀመጥ ይቻላል። ዐፈሩን ጭቃ ማድረግ ግን ጉድጓዱን ያፈርሳል፥ ሻጋታም ያመጣል።

ስምንተኛ፤ ስለ ሙቀትና ስለ አየር። በእኛ ደጋ ከኅዳር እስከ ጥር ያለው ሌሊት እጅግ ይበርዳል፤ ሸረሪት ደግሞ የራስዋ ሙቀት የላትም። ሲበርዳት ሥራዋ ሁሉ ይዘገያል፤ ትንሽ ትበላለች፥ ቅርፊት ለመጣልም ብዙ ትቈያለች። ስለዚህ በደጋ ያለ ሰው ከቆላው የበለጠ መታገሥ አለበት። ብልቃጡን ሰው በሚውልበት ሞቅ ባለ ክፍል ማኖር ይጠቅማል፤ ከምድጃ አጠገብ ወይም ከፀሓይ ላይ ማኖር ግን ያበስላታል። ጢስም አይስማማትም። ለቍንጫና ለዝንብ የሚነፋ መድኃኒት በክፍሉ ውስጥ አይረጭ። የብልቃጡን አብዛኛውን ክፍል ጠቅጠቅ ባለ ዐፈር መሙላት ይገባል፤ ይህም ለመቈፈር እንዲመቻትና ከከፍታ ወድቃ ሆድዋ እንዳይፈነዳ ነው።

ዘጠነኛ፤ ስለ እጅ። የአፍሪካ ታራንቱላዎች እንደ አሜሪካዎቹ የሚያሳክክ ጠጕር ስለማይወረውሩ የሚከላከሉት በመንከስ ነው፤ ሲነኩም እጅግ ፈጣኖች ናቸው። ሰው እንደሚገድሉ ባይታወቅም ንክሻቸው ብርቱ ሕመም ያመጣል። ስለዚህ ሸረሪቷ የምትታይ እንጂ የምትዳሰስ አይደለችም። ክዳኑን የሚከፍተው ትልቅ ሰው፥ ምግቡን የሚያቀርበውም በወረንጦ ይሁን። ትንንሽ ልጆች ባሉበት ቤት ብልቃጡ ከእጃቸው የራቀ ይሁን።

ዐሥረኛውን ሥራዬ ያስታውሰኛል። ልጃችን ቤትዋ ከፈረሰባት አንዲት ሸረሪት በቀር ሌላ እንዳያመጣ ተስማምተናል። ከአካባቢያችን በማይርቀው በደንቆሮ ደን፥ ቀይ ቀበሮና ጭላዳ በሚኖሩበት፥ እንዲሁም በማናቸውም ብሔራዊ ፓርክ ውስጥ የዱር እንስሳ መያዝ በሕግ የተከለከለ ነው። ሕጉ ባይከለክል እንኳ የእንስሳውን ጉድጓድ ለጨዋታ ማፍረስ መልካም ሥራ አይደለም።

መምህሩ በመጨረሻ የነገሩን አንድ ነገር ልጁን እጅግ ደስ አሰኘው። በምዕራብ አውስትራልያ ባርባራ ዮርክ ሜይን የምትባል ሊቅ፥ የታራንቱላ ሩቅ ዘመድ የሆኑትንና በጉድጓዳቸው አፍ ላይ መዝጊያ የሚሠሩትን ሸረሪቶች ከ1974 ጀምራ እንደ አውሮፓ አቈጣጠር ትመዘግብ ነበር። ከእነርሱ አንዲቱ፥ ቍጥርዋ 16 የሆነች፥ ሕይወትዋን ሁሉ በአንድ ጉድጓድ ኖራ በ2016 በተርብ ተነድፋ ስትሞት ዕድሜዋ 43 ዓመት እንደ ነበረ ተጽፏል። በመላው ዓለም ዕድሜዋ ከታወቀ ሸረሪቶች ሁሉ የረዘመው የእርስዋ ነው። ሊቋ ይህን ልታውቅ የቻለችው አንዲቱንም ጉድጓድ ሳታፈርስ፥ በየጊዜው እየሄደች በመጠየቅና በመጻፍ ብቻ ነው።

ይህን ከሰማሁ በኋላ ለልጁ አንድ ደብተር ገዝቼ እንደ ፍርድ ቤት መዝገብ አሰመርሁለት፤ አንዱ ዓምድ ለቀኑ፥ አንዱ ለቀረበው ምግብ፥ አንዱ ተበላ ወይም አልተበላም ለማለት፥ አንዱ ለውሃ፥ አንዱም ጉድጓዱ ክፍት ወይም ዝግ ስለ መሆኑ ነው። ይህን ልማድ ለሁሉም እመክራለሁ። ሰው ሲጨነቅ ሦስቱ ቀን ወር ይመስለዋል፤ መዝገብ ያለው ሰው ግን ባለፈው ጊዜ ስንት ቀን ዘግታ እንደ ቈየች ያውቃልና አይቸኵልም።

ሸረሪቷ ከዚያች ሌሊት በኋላ ዐሥር ቀን ምንም ሳንሰጣት ቈየን። ቅርፊት የጣለች ሸረሪት ጥርስዋ ነጭና ለስላሳ ስለሚሆን እስኪጠቍርና እስኪጠነክር ድረስ መብላት አይቻላትም። በዐሥራ አንደኛው ቀን አንድ የጠላ ዝንብ ተቀበለች። ከዚያም በሚያዝያ ወር ሁለተኛ ቅርፊትዋን ስትጥል የጠፋው እግርዋ ተመልሶ በቀለ፤ ከሌሎቹ አጭርና ቀጭን ነው፥ ነገር ግን ትራመድበታለች። መምህሩ እንዳሉን በየቅርፊቱ እየተካከለ ይሄዳል።

ባለቤቴም ከዚያ ሰሞን ጀምሮ ልጁን በጕርሻ መከተል ተወች። ድርሻውን ግን በየማታው በመሶቡ በእርሱ በኩል አድርጋ፥ ብላም አትብላም ሳትለው ትተውለት ነበር። አንዳንድ ማታ ሳይነካ ያድራል፤ እርስዋም ዝም ብላ ታነሣዋለች። በጥር ወር አንድ ብርዳም ማታ ራሱ ወደ መሶቡ ቀርቦ ተቀመጠና የቀረበለትን ጨረሰ። ማናችንም ምንም አላልንም።

ባለፈው ሳምንት እርሱ በትምህርት ቤት ሳለ ያንን ደብተር ገለጥሁ። አስቀድሜ ፈቃድ ጠይቄው ነበር፤ አሁን ሳልጠይቅ የምከፍተው ነገር የለም። ኅዳር 22 ቀን በሚለው ረድፍ፥ ስለ ምግብና ስለ ውሃ በሚጻፍበት ስፍራ፥ ደብተሩን ካገኘ በኋላ ወደ ኋላ ተመልሶ በጥሩ ጽሕፈት ይህን ጽፎበት አገኘሁ፤ “ጋሼ ቈፈሩ። ይቅርታ ጠየቁ። ባትሪ ያዙልኝ።” ከሥሩም እንደ ሌሎቹ ረድፎች ሁሉ በመጨረሻው ዓምድ፥ “ክፍት” ብሎ ጽፏል።

እንግዲህ ውድ አንባቢዎች ሆይ፤ በቤታችሁ እንዲህ ያለች ለጋ ሸረሪት ብትኖርና ጉድጓድዋን ዘግታ ብትቀመጥ፥ ውሃዋን ጠብቁ፥ ብርዱን አርቁላት፥ የጉድጓዱም አፍ ሲከፈት ምግብዋን ማታ አኑራችሁ ጧት ተመልከቱ። ማንኪያውን ግን ለቡናው ብቻ አድርጉት።